የጋሽ ይመር ማስቲሽ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና ሰኔ ላይ፣ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ልቤ ድንግጥ ይላል፣ ቀጥሎ ብቻዬን እስቃለሁ። ጫማ ሰፊ ፊት ቆሜ ስስቅ የሚያየኝ ሰው ምን እንደሚለኝ አላህ ይወቅ። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ዘሃራ እባላለሁ። ቆቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ገና ቋሚ አልነበርኩም። የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ካለፍኩ ቋሚ ሠራተኛ፣ ከወደቅኩ ወደ ሮቢት፣ ወደ እናቴ ቤት። እናቴ ሮቢት መንገድ ዳር ሻይ ትሸጣለች። "ልጄ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነች" ብላ ለጎረቤቱ ብቻ ሳይሆን ሻይ ሊጠጣ ለወረደ ተሳፋሪ ሁሉ ተናግራለች። ሻንጣዬን ይዤ ብመለስ የእሷን ፊት እንዴት አድርጌ አየዋለሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ለሥራው ስፈተን "ፕሪንተር መጫን ትችያለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "በደንብ!" አልኩ። ወላሂ በሕይወቴ አንድም ፕሪንተር ጭኜ አላውቅም ነበር። ኮሌጅ እያለን አስተማሪያችን ሲጭን ከኋላ ቆሜ አይቻለሁ። እሱንም ከፊቴ አንድ ረጅም ልጅ ቆሞ ግማሹን ከልሎብኝ ነው። ደግነቱ ትምህርት ቤቱ ስደርስ ትንሿ ፕሪንተር ተጭና ነበር የጠበቀችኝ፣ ማንም ጫኚ አላለኝም። ውሸቴም ተኝታ ከረመች።

በፈተናው ዋዜማ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነቃች። መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ትንሿ ፕሪንተር ጭስ ቢጤ ተፍታ ዝም አለች። ነቀልኳት፣ ሰካኋት፣ ነካካኋት። ወይ ፍንክች!

ኮምፒውተሬ ውስጥ አርባ ምናምን ገጽ ፈተና ተተይቦ ተቀምጧል። ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪው እስክሪብቶውን ይዞ ይቀመጣል። ከተማው ውስጥ የሚያትም ሱቅ ጠፍቶ አይደለም፤ ፈተና ግን ከግቢ አይወጣም። ፈተና በፍላሽ ይዞ ከበር የወጣ ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፣ ስሙንም ነው። ይህን የበሩ ጥበቃ እንኳ ያውቀዋል።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ሲሳይ ወሬውን ሰምተው መጡ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ላባቸውን ደጋግመው ይጠርጋሉ። የቆቦ ሰኔ መቼም የታወቀ ነው። የሳቸው ላብ ግን የሙቀት ብቻ አልመሰለኝም። ቢሮውን ቃኙና ዓይናቸው ጥጉ ላይ ባለው ትልቁ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ አረፈ። ያ ማሽን ከመጣ ጀምሮ ሥራው ማባዛት ብቻ ነው፣ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ አያውቅም።

"ይሄ ማሽን ከኮምፒውተር ተቀብሎ አያትምም እንዴ?" አሉኝ።

"ያትማል!" አልኩ። ምን አስቸኮለኝ?

"እንግዲያው አንቺ እያለሽ ምን አስጨነቀኝ! በደንብ እችላለሁ ብለሽ የለ" አሉና ፊታቸው ፈካ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። "ዘሃራ፣ የነገው ፈተና እንግዲህ በእጅሽ ነው። የሙከራ ጊዜ ምዘናሽንም የምሞላው በዚሁ ሰሞን ነው።" ለማበረታታት ብለው ነው። እኔ ግን የሰማሁት ማስጠንቀቂያ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ኮምፒውተርና ማሽን በገመድ ስላገናኟቸው ብቻ አይግባቡም። መሃላቸው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም መጫን አለበት። ቆቦ ገበያ የመጣ የአፋር ግመል ነጋዴና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ገበሬ ያለ አስተርጓሚ እንደማይገበያዩት ነው። ድራይቨር ያ አስተርጓሚ ነው። እያንዳንዱ ማሽን ደግሞ የራሱ አለው። የሌላውን ካመጣችሁ ግመሉን በፍየል ዋጋ ያስማማባችኋል።

የትኛውን እንደምመርጥ ለማወቅ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር ማየት ነበረብኝ። ከጀርባው፣ ብር በምትመስል ትንሽ ወረቀት ላይ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ማሽኑን እንደምንም ከግድግዳው ገፋ አድርጌ አጎነበስኩ። ብር መሳይዋ ወረቀት አለች። ከላይዋ ግን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሌላ ነጭ ወረቀት ተለጥፎባታል። የትምህርት ቤቱ የንብረት መለያ ቁጥር ነው፤ በጋሽ ይመር እጅ የተጻፈ፣ በጋሽ ይመር ማስቲሽ የተጣበቀ።

ጋሽ ይመር የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ናቸው። እሳቸው የለጠፉትን የሚነቅል ገና አልተወለደም። ወንበር በሉት፣ ጠረጴዛ በሉት፣ የሰሌዳ ማጥፊያ እንኳ ቁጥር አለው። በሙጫ አይደለም የሚለጥፉት፤ ጫማ ሰፊ ሶል በሚይዝበት በዚያ በሚሸተው ማስቲሽ ነው። መምህራኑ "ጋሽ ይመር ፊት ብዙ አትቁሙ፣ ይለጥፉባችኋል" እያሉ ይቀልዳሉ።

የወረቀቱን ጫፍ በጥፍሬ ስፈቀፍቅ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"አንች ልጅ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምንም ጋሽ ይመር፣ ይችን ወረቀት ትንሽ ላንሳት ብዬ..."

"ልታነሻት? መለያው የተነሳ ንብረት ባለቤት አለው? በዚያ በክፉው ጊዜ ዕቃችን ሁሉ ሲበተን፣ ኋላ የተገኘውን ምን ብለን አስመለስነው? ቁጥሩን አሳይተን! ቁጥር ያልነበረው የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ሰለል አለ። እውነታቸውን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ ሲወጣ እሳቸው የንብረት መዝገቡን ጉያቸው ውስጥ ከትተው በእግራቸው ወጡ ይባላል። ሚስታቸው "ከእኔ ይልቅ ለመዝገቡ ነው ያሰቡት" እያሉ እስከ ዛሬ ያሙዋቸዋል።

እዚያው ላይ እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ነገሩ ገና በጠዋቱ ያልቅ ነበር። ግን ምን ብዬ? "ሞዴሉን ካላየሁ መጫን አልችልም" ብላቸው "ታዲያ ምኑን ነው ችሎታሽ?" የሚሉኝ መሰለኝ። ስለዚህ "ተዉት ጋሽ ይመር፣ አቧራውን ላራግፍ ብዬ ነው" አልኳቸው። ውሸት መቼም ብቻዋን አትኖርም።

ጋሽ ይመር እያጉረመረሙ ሄዱ። እኔ ስልኬን ይዤ ኔትወርክ የሚሻልበት መስኮት ጋ ቆምኩ። የማሽኑ ፊት ላይ የአምራቹ ስም ስላለ በሱ ፈለግኩ። ስልኬ የሞዴል መዓት ዘረገፈልኝ። ፎቷቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ፤ ስማቸው በአንዲት ፊደል ወይም በአንዲት ቁጥር ብቻ ይለያያል። የትኛው ነው የእኔ? ቁጥሩ ተለቅ ያለው ሳይሻል አይቀርም አልኩና ሽንኩርት የምገዛ ይመስል ትልቁን አነሳሁ።

ፋይሉ ወርዶ እስኪያልቅ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በዚህ መሃል መምህር ካሳው ገቡ። የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ የእጅ ጽሑፋቸው ለዓይን የሚያሳሳ። "ለማንኛውም ነው" አሉና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። መምህራኑ እንድተይበው የሰጡኝን ስርዝ ድልዝ የበዛበት ረቂቅ ተቀብለው በንጹሕ ወረቀት ላይ በእጃቸው መገልበጥ ጀመሩ። የሌሎቹን መምህራን ጽሑፍ ተማሪው ቀርቶ ራሳቸውም አያነቡት። ማሽኑ ካላተመ የመምህር ካሳውን እጅ ጽሑፍ እናባዛለን ማለት ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን አርባ ገጽ እንደማይጨርስ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ማንም አላለውም። ሰውየው ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እስክሪብቷ ወረቀቱ ላይ ስትንሿሿ ግን "አልቻለችም፣ አልቻለችም" የምትል መሰለኝና ተናደድኩባቸው። በምን ጥፋታቸው? እንጃ።

በመጨረሻ ድራይቨሩ ወረደ፤ የትንሿን ፕሪንተር ገመድ ማሽኑ ላይ ሰክቼ፣ ፋይሉን ከስልኬ ወደ ኮምፒውተሩ አሻግሬ ጫንኩት። ኮምፒውተሩ "በትክክል ተጭኗል" አለኝ። ልቤ ዘለለች። ቢስሚላህ ብዬ የዘጠነኛ ክፍልን ሒሳብ አዘዝኩ። ማሽኑ አጓራና ወረቀት መጣል ጀመረ።

ያ ረቢ! እያንዳንዱ ወረቀት አናት ላይ አንዲት መስመር ብቻ አለች። መስመሯም ካሬ፣ ጭረት፣ የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው፣ ሌላው ሲወርድ ሌላው። አቁም የሚለውን ተጫንኩ፣ አልሰማኝም። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ ማሽኑ እቴ! የያዘውን ይተፋል። ሮጬ ገመዱን ከግድግዳው ስነቅለው መሬቱ ነጭ ሆኖ ነበር።

ጋሽ ይመር የወረቀት ድምፅ ከሦስት ክፍል ማዶ ይሰማሉ። ወረቀት የሚወጣው በፎርም፣ በፊርማ፣ በሳቸው እጅ ነው። በሩ ላይ ቆመው ወለሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አንዱን አነሱና ዓይናቸውን አጥብበው አነበቡት።

"ይሄ የቱ ትምህርት ነው? ፊዚክስ ነው?"

መምህር ካሳው ከመነጽራቸው በላይ ወረቀቱን አዩት። "ፊዚክስ ከሆነ ልጆቹ አለቀላቸው" አሉ።

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አጎንብሼ ወረቀት ለቀምኩ።

ምሳ አልበላሁም። ሌላ ሞዴል መረጥኩ፣ እንደገና መስኮቱ ጋ ቆሜ አወረድኩ። ይኸኛው ደግሞ ከነአካቴው አላተመም፤ ማሽኑ ቀይ መብራት አብርቶ እያየኝ ዝም አለ። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ ሆነ። አቶ ሲሳይ በመስኮት ብቅ ብለው "ደረሰ?" አሉኝ። "እየደረሰ ነው" አልኳቸው። ሦስተኛዋ ውሸት።

እናቴ የደወለችው በዚህ መሃል ነው።

"ልጄ፣ ምሳ በላሽ?"

"በልቻለሁ እማ።" አራተኛዋ።

"ቋሚነትሽ መቼ ነው ያልሽኝ? አንድ ሰው ጠይቆኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኢንሻአላህ አልኩት። ያን ቀን ሻዩን ሁሉ በነፃ ነው የምቀዳው ብያለሁ።"

"ኢንሻአላህ እማ" አልኩና ዘጋሁት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ እንባዬ መጣ። ልይዘው ሞክሬ ነበር፣ አልተያዘም።

ጋሽ ይመር የተበላሹትን ወረቀቶች ሊወስዱ ተመልሰው መጡ። ጀርባቸው ንጹሕ ስለሆነ ለረቂቅ ይሆናሉ ብለው ነው። ወረቀቱን አቅፈው ሊወጡ ሲሉ አዩኝና ቆሙ።

"ምነው? ሰው ሞተብሽ እንዴ?"

"አልሞተብኝም።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ኸረ ተናገሪ!"

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። መምህር ካሳው እየሰሙኝ መሆኑን እንኳ ረሳሁት። "ጋሽ ይመር፣ እኔ ፕሪንተር ጭኜ አላውቅም። ለሥራው ስፈተን ዋሽቼ ነው። ዛሬም ቀኑን ሙሉ ስዋሽ ነው የዋልኩት። ማሽኑ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል፣ የትኛው እንደሆነ ደግሞ አላውቅም። ፈተናው ካልታተመ እኔም አበቃልኝ" አልኳቸው።

ስድብ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

"ድራይቨር ያልሽው ነገር ከማሽኑ ጋር በሲዲ የሚመጣው ነው?"

ቀና አልኩ። "አዎ! አለ እንዴ?"

"ከማሽኑ ጋር የመጣ ሲዲማ አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።"

"ጋሽ ይመር! ምነው ታዲያ እስካሁን?"

"ማን ጠየቀኝ? ንብረት በፎርም ይጠየቃል፣ በፎርም ይወጣል።"

ቁም ሣጥኑ ከጠረጴዛዬ ግድግዳውን ተሻግሮ ነው። ማሽኑ እንደገባ ሲዲውን እንደ ንብረት መዝግበው ቆልፈውበታል። እሺ፣ አውጡልኛ! አይሆንም። ፎርም ሞላሁ። "ለምን ተፈለገ" የሚል ቦታ አለው፤ "ለሕይወቴ" ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም። አቶ ሲሳይ ዘንድ ሮጬ ሄድኩ፣ ሳያነቡ ፈረሙልኝ። ተመልሼ ሰጠኋቸው፣ መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ነው ቁልፉን ከወገባቸው የፈቱት።

ሲዲው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩ በክር ታስሮ ተቀምጧል። እንደ ብርቅ ነገር ፈተው ሰጡኝ። ስገለብጠው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በሚያብለጨልጨው በኩል፣ ኮምፒውተር በሚያነበው በኩል፣ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። የንብረት መለያ ቁጥር፣ በማስቲሽ።

"ጋሽ ይመር... ይሄን እዚህ ለጠፉት?"

"ምን ሆነ? የድሮው ርዕሰ መምህር ማሽኑ ላይ ጽሑፍ ሸፈንክ ብሎ ተቆጥቶኝ ነበር። እዚህኛው ላይ ጠንቀቅ አልኩ። በዚያ በኩል ጽሑፍ አለበት፣ በዚህ በኩል ባዶ ነው። ባዶው ላይ ለጠፍኩት።"

ልክ ናቸው እኮ! ለሳቸው ዓይን ያ የሚያብለጨልጭ ጎን ባዶ ነው። አንዲት ፊደል የለበትም። ለማንኛውም ብዬ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተትኩት። አጉረመረመና መልሶ ተፋው። ጽሑፍ ባለበት ጎን ደግሞ የአምራቹ ስም ብቻ ነው ያለው፣ የሞዴል ቁጥር የሚባል የለበትም።

አሁን ማልቀስ ነበረብኝ። ሳቅ መጣብኝ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ ገና ሳይደርቅ ሳቅኩ። መምህር ካሳውም እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ይመር ብቻ አልሳቁም። ፊታቸው ከሰል መሰለ። አዘንኩላቸው፤ ሰውየው ጥፋት አልሠሩም፣ እንዳይጠፋ ነው የለፉት።

"እንግዲህ ካልሠራ ወደ ቦታው ይመለስ" አሉ ቀስ ብለው። "ቁጥሩን ላመሳክር" ብለው መዝገቡን ከመሳቢያ አወጡ። ያ በጉያ የወጣው መዝገብ ነው፤ ጠርዙ ተልጧል፣ ሽፋኑ የላብ ምልክት አለበት። ገለጡት፣ በጣታቸው መስመሩን ተከተሉ። የሲዲው ተራ ላይ ደረሱ። እኔ ትከሻቸው ሥር ቆሜ ከሲዲው በላይ ያለውን ተራ አነበብኩ።

የዕቃው ዓይነት፦ ፎቶ ኮፒ ማሽን። ቀጥሎ "ሞዴል" የሚል ዓምድ። እዚያ ውስጥ፣ በላቲን ፊደል፣ አንድ በአንድ እየተሳለ የተጻፈ ቁጥር፤ ፊደሉ ሳይቀር፣ በመሃሉ ያለችው ሰረዝ ሳትቀር።

"ጋሽ ይመር! ይሄን መቼ ጻፉት?"

"ከመለጠፌ በፊት ነዋ። ሳልመዘግብ የምለጥፍ መሰለሽ እንዴ?" ተቆጡ።

"ታዲያ ጠዋት ምነው ሳይነግሩኝ!"

ቀና ብለው አዩኝ። "አቧራ ላራግፍ ነው አላልሽኝም?" አሉኝ።

እስክሪብቶ አነሳሁ።

ቁጥሩን መዳፌ ላይ ጽፌ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ከዚያ ሁሉ የሞዴል መዓት ውስጥ የእኔው ማሽን ከላይ ሦስተኛው ነበር፤ ቁጥሩ አነስ ስላለ ንቄ ያለፍኩት። ማውረድ ጀመርኩ። አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ከዋጃ በኩል ነፋስ ተነስቶ አቧራው ግቢውን ሞላው፤ ነፋስ ሲነሳ መብራት የመሄድ ልማድ አለው። አምፖሉ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። በልቤ ዱዓ ያዝኩ። ጋሽ ይመርም ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ፣ ፊታቸውን አማተቡ። የእኔም የሳቸውም ልመና አንድ ነበር።

ወረደ። የድሮዎቹን አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩት። "መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ ልሞክር" አልኩ።

ጋሽ ይመር ከኪሳቸው አንድ ወረቀት አወጡ፣ በአራት ታጥፎ የነበረ። ዘረጉት፣ በመዳፋቸው ጠረጴዛው ላይ አለሰለሱት። "ይችን ሞክሪባት። ከደስጣው አታውጪ" አሉኝ።

አስገባሁት፣ አዘዝኩ። ማሽኑ ቆየ። አሰበ፣ አጓራ። ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። "የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና" ይላል። በታቹም ጥያቄው ሁሉ፣ ሦስት ማዕዘኑ፣ ክቡ፣ ሁሉም በቦታው።

"አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ጮህኩ። "ተመስገን!" አሉ ጋሽ ይመር። መምህር ካሳው እስክሪብቷቸውን ከደኑና ጣቶቻቸውን እያፍተለተሉ "የኔን እጅ አዳንሽው" አሉኝ። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ነበሩ። ቅድም የተናደድኩባቸውን አስታውሼ እጃቸውን ሳምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። መምህራኑ ተጠርተው መጡ፣ ማሽኑ ያትማል፣ እነሱ ይደረድራሉ፣ ስቴፕለር ይመታሉ፣ በየክፍሉ ያስራሉ። ጋሽ ይመር ወረቀት ራሳቸው ተሸክመው አመጡልን፤ በእርግጥ እያንዳንዱን ደስጣ አስፈርመውኛል። የአማርኛው ፈተና በመምህር ካሳው እጅ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ ስላለቀ "ይሄማ እንዲሁ ይባዛ" ተባለ። ማታ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ታትሞ፣ ታስሮ፣ ታሽጎ ገባ።

ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል ጋሽ ይመር በሩ ላይ ጠበቁኝ። "እንግዲህ ያችን ነገር ለአቶ ሲሳይ አንች ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አልናገርም" አሉኝ። ማስፈራራት አልነበረም። እንደ አባት ነው ያሉኝ።

ሄድኩ። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ለሥራው ስፈተን የዋሸሁትን፣ የጠዋቱን፣ ሁሉንም። አቶ ሲሳይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የታሸገ ፈተና አንስተው አገላበጡት።

"ዛሬስ ትችያለሽ?" አሉኝ።

"ዛሬ እችላለሁ።"

"እንግዲያው ምዘናው ላይ የምጽፈው የዛሬውን ነው። ሁለተኛ ግን የማታውቂውን አላውቅም በይኝ፤ በጠዋቱ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔም በልቼ እውል ነበር።" ለካ እሳቸውም ምሳ አልበሉም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቋሚነት ደብዳቤዬ መጣ፤ ያተምኩትም እኔው ራሴ ነኝ፣ በዚያው ማሽን። እናቴ ቃሏን ጠብቃ ሻዩን በነፃ ቀዳች። ሰው ምን ተገኘ ሲላት "ልጄ ከማሽን ጋር ታግላ ጣለችው" ትላለች። እውነቱን ነግሬያታለሁ፣ ግን እንዲህ ነው የሚጥማት።

አሁን ያን ቀን ሳስበው እፎይ ነው የምለው። ፍርሃቱ ወጥቶልኛል። የማላውቀውን አላውቅም ማለት ያን ያህል እንደማይከብድ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ ቢሆንም አውቄዋለሁ። በጋሽ ይመር መለያ የሚቀልድ መምህር ሲኖርም አላስቀልድም፤ መጀመሪያ ጽፈው እንደሚለጥፉ አውቃለሁና።

ድራይቨሩን ከዚያ ወዲያ እንዳይጠፋ ብዬ ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። ፍላሹ የትምህርት ቤቱ ስለሆነ መመዝገብ አለበት ተባልኩ። ጋሽ ይመር መዝገቡን፣ ነጭ ወረቀቷንና ማስቲሹን ይዘው መጡ። መጀመሪያ ጻፉ። ከዚያ ማስቲሹን ከፈቱ፣ ሽታው ቢሮውን ሞላው፣ ልቤም እንደ ልማዷ ድንግጥ አለች። ፍላሹን በሁለት ጣታቸው ይዘው አገላበጡት። በዚህ በኩል አዩት፣ በዚያ በኩል አዩት። ባዶ ነው፣ ሁሉም ጎኑ ባዶ ነው።

ሳይለጥፉ ወደ እኔ ዘረጉት።

"ዘሃራ፣ አንች አሳይኝ እስኪ። እኔ አላውቀውም፤ የት ልለጥፈው?"